ሰባተኛው ባና

ትናንት ጣሪያው ሲያፈስ ባናዬ ረጠበና የተከራየናትን ክፍል ሽታው ሞላት። አንተ አፍንጫህን በነጠላህ ይዘህ፣ «ይኼ ብርድ ልብስ ነው ወይስ በግ? ለምን አውጥተህ አትጥለውም?» አልከኝ። ሳቅሁና ዝም አልኩ። መልስ አጥቼ አይደለም። እርጥብ የበግ ጸጉር በሸተተኝ ቁጥር አሥራ ሰባት ዓመቴ ይመጣብኛል፤ በዚያ ዕድሜዬ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅበትም ነበር። ዛሬ ዝናቡም አላባራ፣ አንተም ሥራ የለህም። ልንገርህ።

የመንዝን ብርድ አታውቀውም። ጠዋት በር ስትከፍት ሜዳው አመዳይ ለብሶ እንደ ጨው ያበራል፤ ከየጣሪያው የኩበት ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ሣር ላይ ይተኛል። እዚያ አገር ሰው ከእንጀራ ቀጥሎ የሚያስበው ባናውን ነው። ባና ግን ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ገና ባና አይደለም። ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብትዘረጋው ከማዶ ያለውን ሰው ያሳይሃል። ጠፍጣፋ አለት ላይ ያነጥፉትና ፍል ውሃ እያፈሰሱበት፣ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ግማሽ ቀን ይረግጡታል። ሲረገጥ ጸጉሩ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ይወፍራል፤ ነፋስ አያሳልፍም። እንፋሎቱ ከእግር ሥር እየወጣ ጉልበት ድረስ ይሸፍናል፤ ሽታው እስከ ማታ ከልብስ አይለቅም። እግር እንዳይደክም አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በእኛ መንደር ግጥም አውጪው እኔ ነበርኩ።

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ከሞተ በኋላ አንድ ዳዊት ቤት ውስጥ ቀርታ ነበር። ቄሱ በቃላቸው የሚያነበንቡትን ሰምቼ ይዤ፣ ቤት ስገባ ከገጹ ጋር እያመሳሰልኩ ራሴው ለየሁት። በዚህ ምክንያት ከሰው ሁሉ የተለየሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ያየሁትን ሁሉ ቤት ካላስመታሁት አይዋጥልኝም።

ያ ጊዜ የጣሊያን ጊዜ ነው። ከገበያው በላይ ምሽግ ሠርተው፣ ጎረምሳ ሲያገኙ ለመንገድ ሥራ ይወስዳሉ። ታላቅ ወንድሜ ቆላ ወርዶ ከአርበኞች ጋር ነው። እኔም ልከተል ስነሳ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «አንዱን ሰጥቻለሁ። ሁለተኛውን ከፈለግህ በእኔ ላይ ተራምደህ ሂድ» አለችኝ። ቀረሁ። መቅረቴን ሰው ሁሉ ያወቀብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ከሰው ፊት ስቆም ድምፄን ከፍ የማደርገው ለዚያ ነው።

ሸማኔው ጎረቤታችን ነበሩ። በቤታቸውና በቤታችን መካከል አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው ያለው። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ ክሩ ሲመታ፣ ያ ጧ… ጧ… የሚል ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከቤታችን ውስጥ የሚወጣ እስኪመስል ይሰማ ነበር። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ስትስማማም ስትጣላም «እንግዲህ» ከማለት አያልፉም።

አንድ ጠዋት ሁለት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ደጃቸው ላይ ቆሙ። እኔ እንዳይወስዱኝ ከኩበቱ ክምር ጀርባ ተደብቄያለሁ። አስተርጓሚው የአገሩ ሰው ነው፤ እንደኛው ይናገራል።

«የምሽጉን ሹም በርዶታል» አለ። «ስድስት ባና፣ እስከ ወሩ መጨረሻ።»

ሸማኔው መሬት መሬት አዩ። ትንሿ ልጃቸው እግራቸውን አቅፋ ፊቷን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብራለች፤ ከጋቢው የምትታየው አንድ ተረከዟ ብቻ ናት። ከዚያ «እንግዲህ፣ እሺ» አሉ።

ስድስቱን ሠርተው በወሩ አስረከቡ።

ከዚያ በኋላ የተረገጠው የእኛ ቤት ባና ነበር። የሸመኑትም እሳቸው ናቸው። እንደ ልማዱ ከአለቱ ጎን ተቀምጠው ፍል ውሃውን በቅል እየቀዱ ያፈሳሉ፤ መሃል ላይ ጨርቁን በጣታቸው እየያዙ ውፍረቱን ያያሉ። እኔ መሃል ገብቼ ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ስለ በግ፣ ቀጥሎ ስለ ቆንጆ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስቀርጻት የከረምኩትን ሁለት ስንኝ አወጣሁ። ምን እንደምትል አትጠይቀኝ፤ አልነግርህም። ስም አልጠራችም። ስለ ስድስት ባና ነበረች፣ ጠላትን ስላሞቀ እጅም ነበረች። ያችን ትንሽ ልጅ አላስገባኋትም። ቤት አትመታልኝም ነበር።

ጎረምሶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ተቀበሉኝ። እግሩ ሁሉ ባንዴ ተነስቶ ባንዴ ወረደ። እንደዚያ የተረገጠ ባና አላየሁም። ሸማኔው እጃቸው ቅሉን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ የያዙትን ውሃ አፍስሰው ጨረሱ፤ ጎንበስ ብለው ጨርቁን ዳሰሱ።

«ገና ነው» አሉ። «ትንሽ ርገጡት።» ተነስተው ሄዱ።

ግጥሟ ከእኔ ቀድማ ሮጠች። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ያዟት፣ አጫጆች ያዟት፣ ሌላ መንደር የሄደ ሰው እዚያ ሰምቷት መጣ። አንዱ ጎረምሳ ትከሻዬን መትቶ፣ «አንተ ምላስህ ጥይት ነው እኮ! ቆላ መውረድ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ለብዙ ቀን በዚህች ቃል ደስ ብሎኝ ኖርኩ። ያልወረድኩት ተሰረዘልኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ጥጡን እንደያዘች ቀና አለች።

«ስማ» አለችኝ።

«ምን?»

«የሚሰማህ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እሱን ነው ስማ የምልህ።»

ከካቡ ማዶ ድምፅ የለም። ለካ ከግጥሟ ወዲህ የበግ ጸጉር የሚያመጣላቸው ሰው ጠፍቶ ኖሯል። እሷ ስንት ቀን ቆጥራዋለች፤ እኔ ግጥሜን እየሰማሁ አላስተዋልኩም።

የዚያ ወር የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጽዋው በወር በወር ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ያበላ ያስረክባል፣ ቀጣዩ ይረከባል። ቀጣዩ ተረካቢ ሸማኔው ነበሩ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የእሳቸው ቦታ ባዶ ነው። ቄሱ፣ «ተረካቢያችን የት አሉ?» ሲሉ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከወደ በሩ አንዱ የግጥሜን መጀመሪያ በአፍንጫው አንጎራጎረ፤ ሁለት ሰው ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም። ጽዋውን በጨርቁ መልሰው ሸፈኑት።

«ቂም ባለበት ጽዋ አይነሳም» አሉ። «እዚሁ ይቆይ።»

ጽዋው እንደማይሄድ እንግዳ ጓዳችን ውስጥ ተቀመጠ። እናቴ ባየችው ቁጥር ታማትባለች።

በሳምንቱ ወደ ቆላ ስንቅ የምታወርደው ሴት መጣች። ፊቷ ፈክቷል። «እልል በሉ» አለች። «ወንድምህ ግጥምህን ሰምቶ እንዴት እንደኮራ! እሳት ዳር ሲያወጡት ነው የሚያመሹት። አለቃቸውም ሰምቶት፣ ይኼ ሸማኔ ማን ነው አለ። ቅዳሜ ሰው ይመጣል፤ ቤቱን አንተ ታሳያለህ።»

የባንዳ ቤት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ማክሰኞ ነበር።

ሴትዮዋ እጇን ልትታጠብ ወጣ ስትል እናቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አስተርጓሚው የሸማኔው ደጅ ሲቆም አንተ የት ነበርክ?»

«ኩበቱ ጋ።»

«ተደብቀህ።»

«አዎ።»

«እሱ መደበቂያ አልነበረውም። አራት ልጅ ኩበት ሥር አይገባም።» በእጇ ወደ ካቡ አመለከተችና፣ «ሰውየው ባና መሰለህ እንዴ፣ ሲረግጡት የሚወፍር? ሚስቱ ዕቃ እየሸከፈች ነው። ምሽጉ አጠገብ ሊገቡ ነው። እዚህ ከቆየ ወንድምህ ያቃጥለዋል፤ ከሄደ ደግሞ ግጥምህ እውነት ይሆናል» አለች።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ማጅራቱ ላይ አድርጎ ደጅ ላይ ያጎነብሳል፤ የተበደለው ካላወረደለት አያወርድም። ረቡዕ ጠዋት ከመርገጫው አለት አጠገብ አንድ ድንጋይ አነሳሁ፤ ጎረምሶቹ ተራ ሲጠብቁ የሚቀመጡበት ነው። ካቡን ዞሬ ደጃቸው ላይ አጎነበስኩ።

ማንም አልወጣም። ፀሐይዋ ጀርባዬን አሞቀችው፣ ከዚያ አቃጠለችው። የማየው የራሴን እግርና ከካቡ ሥር የበቀለውን ሳማ ብቻ ነው። ዶሮ መጥታ ጣቴን ነካች። ከውስጥ ዕቃ ሲጎተት ይሰማል። አንዴ ትንሿ ልጅ ወጥታ ከታች ወደ ላይ ፊቴን አየችውና፣ «አባዬ፣ ያ ዘፋኙ ነው» ብላ ተመልሳ ገባች። ስድብ አልነበረም። ሌላ ስም አታውቅልኝም።

በመጨረሻ እግራቸው ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ዜማው ደህና ነበር» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አልኩ።

«ስንኙን ስንት ቀን ሠራኸው?»

«ሰባት።»

«እኔ አንዱን ባና ለመጨረስ አምስት ቀን ይበቃኛል። አንተ ትተጋለህ።» ድንጋዩን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ «ይኼን ድንጋይ ከየት አመጣኸው?» አሉ።

«ከመርገጫው።»

«እንግዲህ ሰው ምን ላይ ሊቀመጥ ነው? ውሰድና መልስ።» በሁለት እጃቸው አነሱልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝና ገቡ።

በማግስቱ ቄሱ ማኅበሩን እኛ ቤት መልሰው ጠሩ። ሸማኔው የታጠበ ጋቢ ለብሰው መጡ። ያ ከወደ በሩ ያንጎራጎረው ሰው ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው። ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ አጅቦ እስከ ካቡ ሄደ፤ አሥር እርምጃ ናት። ቄሱ ስንቅ አውራጇን ጠርተው፣ «ከእኛ ጽዋ የጠጣ ነው፣ እኛ ዋሱ ነን በያቸው» አሉ። እኔም የራሴን መልእክት ላክሁ። ከግጥሙ ረዘመ፤ ቤትም አልመታም። ተደብቄ ያየሁትን ሁሉ፣ ልጅቱንም ሳይቀር፣ ነገርኳት። ቅዳሜ ማንም አልመጣም።

ጧ… ጧ… የሚለው ድምፅ ሰኞ ተመለሰ። በሳምንቱ ሸማኔው አንድ ባና ይዘው ወደ አለቱ ወጡና ጎረምሶቹን ጠሩ።

«የማን ነው?» አለ አንዱ።

«ለወንድሙ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ቆላም ቢሆን ሌሊት ይበርዳል። ስድስቱን ፈርቼ ነው የሠራሁት። ሰባተኛውን ማንም አላዘዘኝም።»

ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እሳቸው ይህን ያህል ሲናገሩ አልሰማሁም። ጎረምሶቹ ግጥም ጠበቁ። እኔ መርገጥ ጀመርኩ። ግማሽ ቀን ያለ ዜማ ረገጥነው፤ የውሃው መፍሰስና የእግራችን ጭብ ጭብ ብቻ ነበር። እግሬ እንደዚያ ቀን ደክሞት አያውቅም።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ለበሰው። ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ባናው ብቻውን ወደ ቤት ተመለሰ፤ አንዱን ጥግ እሳት በልቶታል። እናቴ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስንት ቀን ዋለች። ሸማኔው አንድ ጠዋት መጥተው ሳይናገሩ ከጉልበቷ ላይ አነሱት። ማታውን ሲመልሱት የነጩ ባና የተቃጠለ ጥግ በቡናማ ጸጉር ተጠግኖ ነበር፤ ነጭ ጸጉር አጥተው አይደለም። ለምን ቡናማ እንዳደረጉት አልጠየቅኋቸውም። አሁን ልጠይቃቸው ብል የሉም። ሲሞቱ እኔ እዚህ ከተማ በጽሕፈት ሥራዬ ደብዳቤ ስገለብጥ ነበር፤ ከተቀበሩ በወሩ ሰማሁ።

ባለፈው ዓመት ለእናቴ ተዝካር ስሄድ መሐል ሜዳ አጠገብ ጎረምሶች ባና ሲረግጡ አገኘሁ። እንፋሎቱ እንደ ድሮው እስከ ጉልበታቸው። ቀረብ ስል የሚያወጡትን ሰማሁ፤ የእኔ ግጥም ናት። ስለማን እንደሆነች አያውቁም። ጣሊያንን እንኳ ለማየት የደረሱ አይመስሉም። ጫማዬን አወለቅሁና ከመሃላቸው ገባሁ። ልብስህ ይበላሻል እያሉ ሳቁብኝ። በዚያው ዜማ ሌላ ስንኝ አወጣሁላቸው፤ ብዙ ዓመት በልቤ ይዤው የኖርኩት ነው፦

ሁሉን ሲያለብስ ክረምት ከበጋ፣
ለራሱ ሳይደርሰው ስንት ሌት ነጋ።

አንድ ዙር ተቀበሉኝ፣ ለትሕትና ያህል። ከዚያ ከጎኔ ያለው ልጅ፣ «ደህና ነው ጋሼ፣ ግን እግር አያነሳም» አለኝና ወደ ድሮው ተመለሱ። እግራቸው ባንዴ ተነስቶ ባንዴ ወረደ። እውነቱን ነው፤ ያችኛዋ ትሻላለች። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ጽፌ አላውቅም።

እንግዲህ አሁን ጣለው በለኝ። ነገ ፀሐይ ከወጣ አውጥቼ አሰጣዋለሁ፣ ሽታውም ይቀንሳል። ስተኛ ባናውን አገላብጬ የምለብሰው ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ቡናማዋ ጥግ በፊቴ በኩል እንድትሆን ነው።