ወልቀፊት አጠገብ የተሰቀለው ደወል

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጎንደር አራዳ

በኅዳር ሚካኤል ማለዳ ከቤቴ የወጣሁት ወልቀፊትን በዓይኔ ለማየት ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቼን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብትጠይቋቸው ስታሊንግራድንና ኤል አላሜይንን በካርታ ላይ ያሳዩአችኋል። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን የያዘው እነሱ በተቀመጡበት በጎንደር ዙሪያ መሆኑን ግን በሁለት መስመር ነው ያስተማርኳቸው። ወልቀፊት ወራት አልደፈርም ብሎ በመስከረም 1934 ወደቀ፣ በኅዳር ቁልቋል በር ተሰበረ፣ በዚያው ወር ጎንደር እጇን ሰጠች። ይኸው ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ሄጄ አፈሩን ሳልረግጥ ማርጀቴ ያሳፍረኛል።

አብሮኝ የሚሄደው የባለቤቴ ወንድም፣ አሥር አለቃ ደሳለኝ ነው። ጦሩ ውስጥ ፈንጂ አምካኝ ነበር፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። ሰው ምን ሆነህ ነው ሲለው «ቸኩዬ» ይላል። ከዚያ በላይ ወሬ ከሱ አይጠበቅም።

መናኸሪያ ደርሰን ሾፌሩን «መንገዱ ክፍት ነው?» አልኩት።

«እስካሁን ክፍት ነው» አለኝ።

«እስካሁን» የምትለዋ ነገር አልጣመችኝም። ቢሆንም ገባን።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ኮሶዬ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው ሲቆም አንዲት ሴት በላስቲክ ሳህን ትኩስ ቅቅል ድንች ከበርበሬ ጋር በመስኮት አቀበለችን። ምላሴን እስኪያቃጥለኝ በላሁ። ከዚያ እስከ ደባርቅ ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት መኪናው በቆመ ቁጥር ሚካኤልን ይጠሩ ነበር፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ አብሬያቸው ጠራሁ። ደሳለኝ ግን እንቅልፉን ለጠጠው፤ ቀናሁበት።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከደባርቅ ወዲያ

ደባርቅ ወርደን ባጃጅ ያዝን። የወልቀፊት አፋፍ ላይ ሳንደርስ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ወደ አንድ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ አየን። ሳንሳለም ማለፍ ነውር ነው ብለን ወረድን። ዐፀዱ ውስጥ ከአንድ ወይራ ላይ ሁለት ደወል ተንጠልጥሏል። አንደኛው የድሮ የመድፍ ቀለህ ነው፤ ባዶና የተሰነጠቀ። በአገራችን ገጠር ብዙ ቤተ ክርስቲያን ከጣሊያን የተረፈ ቀለህ ሰቅሎ ይደውላል። ሁለተኛው አዲስ የተሰቀለ ነው። ዝገቱ ተፍቆ፣ ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«ምን ያማረ ነገር ነው!» አልኩ።

ደሳለኝ ክንዴን ጨበጠኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መምህር፣ እንዳትጮህ። ይኼ ቀለህ አይደለም፤ ያልፈነዳ ሙሉ የመድፍ ጥይት ነው። ሹሉ ላይ ያለው ነሐስ ማፈንጃው ነው። የሚደውለው ማን ነው?»

ከወይራው ሥር አንድ ሽማግሌ የመደወያ ብረት ይዘው ቆመዋል። አንድ ምእመን እንደነገረን አያ ፈንታ ይባላሉ። ልጃቸው ጎንደር ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ከዳነች ለሚካኤል ደወል አገባለሁ ብለው ተሳሉ። ልጅቷ ዳነች፤ አሁንም ከጎናቸው ቆማለች። በዚያው ሰሞን ማሳቸውን ሲያርሱ ይኼ የተሰቀለው ብረት ወጣላቸው፤ መልአኩ ራሱ የሰጠኝ ነው አሉ። ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ የመጀመሪያውን የሚመቱት እሳቸው ናቸው።

ከውስጥ ከበሮው እየደመቀ ነው።

«እኔ ቄሰ ገበዙን ላናግር» አለ ደሳለኝ። «አንተ ሰውዬውን ያዝልኝ።»

«በምን ልያዘው?»

«ወሬ ታውቅ የለም እንዴ!»

ሄድኩ። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩና ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን።

«እንደምን አደሩ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደራችሁ።»

«ቤተሰቡ ደኅና?»

«ይመስገን፣ ደኅና ነው።»

«ከብቱ ደኅና? አዝመራው እንዴት ነው? ገብሱ ገባ? ባቄላውን ውርጭ አልመታውም?»

ሰላምታ የሚሰጥን እንግዳ ማቋረጥ በዚያ አገር የለም። «ይመስገን፣ ሸጋ ነው» ይላሉ፤ ዓይናቸው መቅደሱ በር ላይ ነው። ስለ በጎቹ ጠየቅኩ፤ ስለ ጎረቤቶቻቸው ጠየቅኩ፤ በመጨረሻ ስለ በቅሏቸው ጠየቅኩ፤ በቅሎ ይኑራቸው አይኑራቸው በምን አውቄ! ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። እልልታው ቀለጠ።

«ምነው ጌታው፣ እጄን ልቀቁኝ እንጂ! ታቦቱ ሊወጣ ነው» አሉና ብረቱን አነሱ።

ያኔ ብረቱን ለቀም አደረግኩት። «አያ፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ አይምቱት!»

በሚካኤል ሲባሉ ክንዳቸው ባለበት ቀረ። ወዲያው ቄሰ ገበዙ እየሮጡ ደረሱ። ታቦቱ በውስጥ እንዲቆይ፣ ሕዝቡም ከኮረብታው ጀርባ እንዲሸሽ አዘዙ።

አያ ፈንታ ግን ንቅንቅ አልልም አሉ። «ስለቴን ልትቀሙኝ ነው? ስለት ከቀረ ልጄን መልሶ ቢወስዳትስ? እናንተ ትመልሱልኛላችሁ?»

ደሳለኝ ክርክር አልገጠመም። ግራ እጁን ዘርግቶ አሳያቸው።

«አያ፣ እኔን ያገኘችኝ ፈንጂ የጣት ያህል ናት። ይኼ ዐፀዱን ሙሉ ይወስዳል።»

ጎዶሎውን እጅ አዩት፣ ቀጥሎም ልጃቸውን። መደወያውን ለኔ ሰጥተው ልጅቷን ይዘው ወረዱ።

ከቀኑ 10 ሰዓት

በስልክ የተጠሩት የፈንጂ ባለሙያዎች ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጥይቱን በጥንቃቄ አወረዱና ራቅ ካለ ገደል አስገብተው አፈነዱት። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ገደሉ ተቀባብሎ አስተጋባው።

አያ ፈንታ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሩ። «አባ፣ ስለቴ ቀረ ማለት ነው?»

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አሳለሟቸው። «አገር ሁሉ ሰማው እኮ። ከዚህ በላይ የተደወለ ደወል አላውቅም። ደርሶልሃል፣ ልጄ።»

አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አያ ፈንታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ፣ ጎንደር

ደባርቅ አድረን ረፋዱ ላይ ቤት ገባን። የወልቀፊትን ምሽግ ሳላየው ተመለስኩ። ክፍል ውስጥ «ጎንደር በኅዳር ነጻ ወጣች፤ ጦርነቱም በዚሁ አበቃ» ብዬ ጠመኔዬን ሳስቀምጥ፣ ያች ጥይት በአያ ፈንታ ማሳ ውስጥ ተኝታ ነበር። አሁን ባስተምር ያንን ዓረፍተ ነገር እንዲህ በድፍረት አልዘጋውም።

ባለቤቴ ሻይ አቀረበችልኝና ሁሉንም አስተረከችኝ። ሽማግሌው ያን ጥይት ከማሳቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዓት መንገድ በጀርባቸው ተሸክመው እንዳመጡት ነገርኳት።

«ብቻቸውን?» አለች።

«ልጅቷ ከኋላ ከኋላቸው ነበረች። እንዳይከብዳቸው እያገዘቻቸው፤ ስንሰነባበት ራሷ ነገረችኝ።»

«በምን አገዘቻቸው?»

«ሹሉን፣ ያን ነሐስ ማፈንጃ፣ በእጇ ደግፋ» አልኳት። የገባኝ ያኔ ነው፤ ብርጭቆውን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።