ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጧፍ

ልጄ ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጀምራለች፤ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ፣ የማን እርሳስ እንደ ጠፋ፣ ማን ምሳውን ለማን እንዳካፈለ። ሰው ፊት ግን ድምፅ የላትም። እንግዳ ሲመጣ አንገቷን ትደፋለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፣ በቃ። አንዲት ጎረቤቴ በአንድ ወቅት «ይቺ ልጅ አፍ አልፈታችም እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። ያን ጊዜ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ይህ የሆነው ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ለወላጅ ስብሰባ ስሄድ የክፍሏ መምህር ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት። ጽሕፈቷም ያምራል። ግን ይኸው ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ድምፅዋን እስካሁን አልሰማሁትም» አሉኝ።

«ቤት መጥተው ቢሰሟት» አልሁ።

«እመጣ ነበር። እኔ ስገባ ዝም ትላለች እንጂ» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አለቀስሁ። ነገ እኔ በሌለሁበት የሚያማት ነገር ቢኖር፣ የበደላት ሰው ቢኖር፣ ለማን ትናገራለች?

በዚያው ሰሞን ክፍላቸው ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ሊሄድ ሆነ። ሙዚየሙ ለተማሪዎች ያዘጋጀው ነገር አለ። ልጆቹ እንዲሁ ዕቃ አይተው አይመለሱም። አስቀድሞ ለእያንዳንዳቸው የአንድ ዕቃ ፎቶ ይሰጣቸዋል። ስለዚያ ዕቃ ትልልቅ ሰው ጠይቀው ይዘጋጃሉ። በዕለቱ እያንዳንዱ ልጅ ዕቃው አጠገብ ቆሞ ለጓደኞቹ ያስረዳል።

አንዱ እንስራ ደረሰው፣ አንዷ ሞሰብ፣ አንዱ ደግሞ የድሮ የጽሕፈት መኪና። ለልጄ የደረሳት ታንኳ ነው።

«እማዬ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። የዴስክ ጓደኛዬ ትናገርልኛለች» አለችኝ።

የዴስክ ጓደኛዋን አውቃታለሁ። ቤተሰቦቿ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ለኢድ ሁልጊዜ ሐልዋ ትልክልናለች። ለሁለት ሰው የሚበቃ ወሬ አላት። ቢሆንም እሺ አላልኋትም።

«መጀመሪያ እንጠይቅ» አልኋት።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ታንኳ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ወሰድኋት። ሽማግሌው ከውኃው ዳር የታጨደውን ደንገል ዘርግተው፣ በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ያስራሉ። ልጄ ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀች።

«አባባ፣ ልጄ ስለ ታንኳ ልትጠይቅዎ ፈልጋ ነው» አልሁ።

ሽማግሌው ወደ እግሬ አዩ። «ልጅ እንኳ አላየሁም። አንቺ ግን አራት እግር ነው እንዴ ያለሽ?»

ቀሚሴ ከኋላዬ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በላይ ምንም አልወጣም። እኔ ጠየቅሁ፣ እሳቸው መለሱ። ታንኳ ውኃ ይጠጣል አሉን። ሲውል ይከብዳል። ውኃ ላይ ካደረ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሲመሽ ያወጡትና ዛፍ አስደግፈው ያቆሙታል፤ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፣ በማግሥቱ ቀልሎ ይገኛል።

«እኔም ሲመሽ ከብጄ ነው የምገባ። ዛፍ አስደግፎ የሚያቆመኝ አጣሁ እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

ቤት ስንደርስ ልጄ ይህን ሁሉ ለአባቷ አንድም ሳታስቀር ተረከችለት። የሽማግሌውን ሳል ሳይቀር ሳለችለት።

ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለእመቤታችን ተሳልሁ። እኔ በጸሎትም ብዙ ቃል የለኝም። «ነገ ልጄ ሰው ፊት ትናገርልኝ እንጂ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጧፍ አበራለሁ» አልሁ። በልቤ ያሰብሁት ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። «ይህ ታንኳ ነው» ብትል ሦስት ጧፍ። አቅሜን አውቄ ነው የተሳልሁት።

በማግሥቱ መምህሩ ሃያ ልጆች አሰልፈው ይዘው መጡ። አብሬ እንድሄድ ለምነውኝ ነበርና ከሰልፉ ፊት አቆሙኝ።

«ልጆች፣ ከፊት ያሉትን እናት እያያችሁ እሳቸው የሚያደርጉትን አድርጉ። ከሰልፍ የሚወጣ እንዳይኖር!» አሉ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የዴስክ ጓደኛዋ ወፍ ላባርር ብላ ሐይቁ ውስጥ ገባች። ስትመለስ አንድ ጫማዋ በየእርምጃው ውኃ ይተፋል።

ገባን። ከመጀመሪያው ክፍል በር ፊት ለፊት የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ብራና፣ መቋሚያና ከበሮ አለ። እኔ ከፊት ነኝ። ሥዕሏን ሳይ አማተብሁ። የበሩን መቃን ሳምሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። አስቤ አይደለም፤ እግሬ ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ። ዘወር ስል ሃያውም ልጅ በካልሲ ቆሟል።

አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ናት። እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ጫማ አይወለቅም!»

«አውቃለሁ» አልሁ። «ማለቴ፣ አሁን ዐወቅሁ።»

«እኛም መስጊድ ስንገባ እናወልቃለን። ምንም አይደል» አለች የዴስክ ጓደኛዋ፣ ፈቃጅዋ እሷ ይመስል።

«የእኔ ካልሲ ቀዳዳ ነው!» አለ አንዱ ልጅ።

«የእኔ ይበልጣል! አውራ ጣቴ ሙሉውን ይወጣል!»

ቀዳዳ ማወዳደር ተጀመረ። መምህሩ ሰዓታቸውን አይተው ተነፈሱ። «በቃ፣ እንዳወለቃችሁ ግቡ። ወለሉም ይወለወልላቸዋል» አሉ። ጫማው ደጃፍ ላይ እንደ ተከመረ ቀረ።

ልጆቹ ተራ በተራ ተናገሩ። እንስራ የደረሰው ልጅ «አያቴ በዚህ ውኃ ትቀዳ ነበር፤ ወገቧን የሚያማት በዚህ ነው» ብሎ እንስራውን ክፉኛ ተቆጣው። የጽሕፈት መኪናው ልጅ «ይህ ኮምፒውተር ነው፣ ግን ስክሪኑን ሰርቀውታል» አለ።

ከዚያ የልጄ ተራ ደረሰ።

ታንኳው በግድግዳው ጥግ ተጋድሟል። አጠገቡ ቆመች። አንገቷን ደፋች። ዓይኗን ካልሲዋ ላይ ተከለች። መምህሩ «አይዞሽ» አሉ። አስጎብኚዋ ተንበርክካ «ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገሪኝ» አለቻት። ዝም። አንድ ልጅ አስነጠሰ፣ ሌሎቹ ሳቁ፣ እንደገና ዝም አሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ አባታችን ሆይን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። የልጄ ዓይን እንባ ሲያቀር አየሁ።

የዴስክ ጓደኛዋ አላስቻላትም። ዘላ አጠገቧ ቆመች።

«እኔ ልናገርላት! ይህ ታንኳ ይባላል። ከደንገል ነው የሚሠራው። ቀንም ሌሊትም ውኃ ላይ ይተኛል፣ ምክንያቱም ጀልባ ነው። አመሰግናለሁ!»

ተጨበጨበ። ልጄ ቀና ብላ ጓደኛዋን አየቻት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የወጣ ነገር ግን የለም።

አንድም ጧፍ የለም፣ አልሁ በልቤ። ወዲያው እንዲህ በማሰቤ አፈርሁ።

ልንወጣ ወደ ደጃፉ መጣን። በር ላይ ያሉት ጥበቃ ሊረዱን አስበው ክምሩን በትነውታል። ታታሪ ሰው ናቸው። ጫማውን ሁሉ ቀኙን ከቀኝ፣ ግራውን ከግራ ለይተው፣ እንደ ሙዚየሙ ዕቃ በሁለት ረድፍ ደርድረውታል። ሁሉም ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ ነው፤ ቁጥሩም ያው ነው።

«ይህ የእኔ ነው!»

«አይደለም፣ የእኔ ነው! ይኸው እግሬ ገባ!»

«የእኔም እግር ይገባል!»

አንዲት ልጅ ሁለት ቀኝ ጫማ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። መምህሩ ጥበቃውን አዩ። ጥበቃው እኔን አዩኝ። እኔ የማየው ሰው አጣሁ።

ልጄ ወደ ረድፉ ሄደች። ጎንበስ ብላ ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ አነሣች። የምታለቅሰው ልጅ ፊት አስቀመጠችላት። ተመልሳ ሌላ ጥንድ አመጣች። ከዚያም ሌላ። አንድም አልሳተችም።

«እንዴት ዐወቅሽ?» አለች አስጎብኚዋ።

ልጄ ቀና አላለችም። ጫማውን እያየች፣ ለጫማው እንደምትነግረው ሆና፣

«የእሷ ማሰሪያ ሁለት ቋጠሮ አለው» አለች።

ሌላ ጥንድ አነሣች።

«ይህ አፍንጫው ተልጧል፤ ድንጋይ ስለሚመታ ነው። የእሱ ነው። ይህ ተረከዙ በአንድ ጎን አልቋል፤ ዴስክ ሥር እግሯን ስለምታወዛውዝ ነው። ይህኛው ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አለ፤ ሒሳብ ሲሰለቸው ኮከብ ይሥልበታል።»

«መምህር፣ እኔ አልሣልሁም!» አለ የኮከቡ ባለቤት።

«ሥለሃል! ሦስት ኮከብ!» አለች ልጄ።

ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ስትደፋ የምታየው ጫማ ነበር ለካ። የክፍሉን ልጅ ሁሉ ከእግሩ ጀምራ ታውቀዋለች።

በመጨረሻ የዴስክ ጓደኛዋ ጫማ ቀረ። አንደኛው እንደ ረጠበ ነው። ልጅቷ እግሯን ልትከት ስትል ልጄ ነጠቀቻት።

«ቆይ! እርጥቡን አታድርጊው። እንዲህ አስደግፈሽ አቁሚው፣ ውኃው ይውረድ።» ጫማውን ከግድግዳው ጋር አቆመችው። «ታንኳም እንዲህ ነው። አንቺ ተሳስተሻል። ሌሊት ውኃ ላይ አይተኛም! ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። አባባ ሲመሽ አውጥተው ዛፍ ላይ ያቆሙታል። እሳቸውም ከብደው ነው የሚገቡ፣ ግን የሚያቆማቸው የለም።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልተናገርሽም?» አለች የዴስክ ጓደኛዋ።

«አሁን ተናገርሁ አይደል!»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ጠርገው አልጨረሱም። እኔ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በጣቴ እቆጥር ነበር። አንዱ እጄ አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ። ጫማዬን ገና አላደረግሁም ነበርና ወደ እግሬ ጣቶች ወረድሁ። እነሱም አልበቁም።

ልጄ በባጃጅ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አወራች። ሾፌሩን የጫማውን ሶል በአዲስ እንዳስለወጠ ሳይቀር ነገረችው። ሰውየው ወደ እግሩ ለማየት ሲል ከአንድ ዘንባባ ጋር ሊያጋጨን ነበር።

በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ስለቴን ነገርኋቸው።

«ስንት ቃል ተናገረች ታዲያ?» አሉኝ።

«አባ፣ እስካሁን አላቆመችም።»

በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ጧፍ ብታበሪ ቤተ ክርስቲያኑን ታቃጥዪብናለሽ። በየሰንበቱ አንድ አንድ አምጪ። እሷው ታብራው» አሉኝ።

በመጀመሪያው ሰንበት ይዣት ሄድሁ። ጧፉን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቤ ቆመች። ቅዳሴው ገብቷል፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እማዬ፣» አለች፣ ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «መምህራችን መጥተዋል። ጫማቸውን በር ላይ አየሁት። ማሰሪያው ሊበጠስ ነው።»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ዘወር አለ። መነጽር አድርጓል።

«ዝም በይ» አልኋት።

ይህን ቃል ሰው ፊት ለልጄ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ወደ እመቤታችን ሥዕል ቀና ብዬ፣ ተመስገን አልሁ።