ዓሣ የማይገድል ገጽ

ቬርና ኩሲስቶ አንድ ገጽ ስትመረምር መጀመሪያ ትዘቀዝቀዋለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ፊደሉ ቁልቁል እንደሆነ ዝም ብላ ታየዋለች። ማንበብ ከጀመርክ ማየት ታቆማለህ ነው የምትለው። እኔ ዱዌይን እባላለሁ፤ እሷ በምትሠራበት ማተሚያ ቤት ወረቀት እቆርጣለሁ፣ መጽሐፍ እጠርዛለሁ፣ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ እነጫነጫለሁ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም ብያለሁ። ዛሬ እንደዚያ የሚል ሰው ቢመጣ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው።

የዚሁ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ የዱሉዝ ልጅ ናት። አባቷ ወደብ ላይ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። እሷ ትምህርቷን እንደጨረሰች ጋዜጣ ቤት ገብታ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል እየለቀመች ትደረድር ነበር። ጋዜጣው ኮምፒውተር ሲያስገባ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ተሰናበቱ፤ እሷ ግን እልህ ያዛትና ከማሽኑ ጋር ተያያዘች፣ በኋላም ወደኛ መጣች። ባል አግብታ ቀብራለች፣ ጉልበቷን ሁለቴ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና ሳትገባ ከቀረች ሰው አታናግርም። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሥራዋን አንድ ቀን አላማረረችም። የሷንም የኔንም ድርሻ የማማርረው እኔ ነኝ።

ሥራዋ ለሰው ሲነገር ያስቃል። ሰዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለበት መጽሐፍ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ፣ ኮዱ ስክሪን ላይ ደህና የነበረው ወረቀት ላይ ሲደርስ ይበላሽባቸዋል። መስመሩ ከህዳጉ አልፎ ይቆረጣል። ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ይቆለመምና ከመጽሐፉ ቀድቶ ሊያሠራው የሞከረው ሰው ጸጉሩን ይነጫል። ያኔ ለቬርና ይልካሉ። እሷ ትዘቀዝቀዋለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ የት ጋ እንደታመመ ትነግራቸዋለች። ስንቱን ያስተማሩ ፕሮፌሰሮች አመስግነው ሲጽፉላት አይቻለሁ፤ መልሷ ሁልጊዜ “ደህና ሁኑ” ብቻ ነው።

ግሌንዳ ቶለፍሰን ወደኛ የመጣችው በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። ከቬርና ጋር በሉተራን ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ይዘምራሉ። ባሏ ኦሪን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ማርቢያ ነው። የገንዳዎቹን ውሃ የሚጠብቀውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ብቻውን ነው፤ ሙቀቱን ይለካል፣ የሐይቁን ውሃ የሚያስገባውን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። አሁን ኦሪን መርሳት ይዞታል። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ የልጁን ስም። ግሌንዳ የፈለገችው ያን ፕሮግራም በትንሽ መጽሐፍ አሳትማ፣ ገና ሲያውቀው እጁ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የለሽም ብሏታል።

ቬርና ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድማ ሠራችው። የሙከራው ሕትመት፣ ፕሩፉ፣ ሲወጣ አየሁት፤ የሚያምር ገጽ ነበር። ግሌንዳ ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ ተመለሰች። ኮቷን አልቆለፈችም፣ ጓንቷን አንዱን ጥላዋለች። ፕሩፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሕትመቱን ተዉት አለችን። ኦሪን ገጹን አይቶ የኔ አይደለም ብሏት ነው። ደጋግማ ብትጠይቀው ተቆጣ።

“አረጋውያን መጦሪያው ቤት ክፍል ተገኝቷል” አለች፣ ቬርናን ሳታያት። “እስካሁን እንቢ ስል ነበር። ሥራውን እስካወቀ ድረስ ሰውየው አለ፣ ከቤቱ አላወጣውም ብዬ ነበር። ሥራውን ካላወቀ ግን እኔ ማንን ነው የማስታምመው? ሰኞ መልስ ስጪን ብለውኛል። እሺ ልላቸው ነው።”

እኔ ወረቀት የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ። ቬርና ወንበር ሳበችላት፣ አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ ለኛም ይሁን ለራሷ ሳይለይ፣ ያለውን ነገር ብትሰሙት ትስቃላችሁ አለች። “ይሄን የጻፈ ሰው ዓሣ ይገድላል አለኝ። የምን ዓሣ!”

ወጣች። እኔም ምስኪን፣ አለቀለት አልኩ። ቬርና ግን ቀና ብላ ቀርታለች። ሰውየው ምን አለ ነው ያለችው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። እኔም ትዕግሥቴ አጭር ነውና፣ ሴትዮ፣ የልጁን ስም የረሳ ሰው ምን ቢል ምን ትሰሚዋለሽ አልኳት።

“የጠፋበት ሰው አላውቀውም ይላል” አለች። “ይሄ ግን ምን እንደሚያደርግ ነው የነገራት። ገጹን አንብቦታል።”

በሉ እንፈትሽ ተባለና ተቀመጥን። የኛ ቤት አፈታተሽ ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ነው። እኔ ከወረቀቱ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ፊደሉንም ነጥቡንም፤ ለባዶ ቦታው ደግሞ ጠረጴዛውን በጣቴ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። እሷ ስክሪኑን ትከታተላለች። ጣቴ እስኪደነዝዝ አንኳኳሁ። አንድ ልዩነት አልተገኘም፤ ወረቀቱና ስክሪኑ ልክክ አሉ። እኔም አላልኩሽም አልኳት፣ ገጹ አልጠፋም፣ የጠፋው ሰውየው ነው። ይሄን ስል ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ምሳዬም ቀዝቅዞ ነበር።

እሷ ገጹን ዘቀዘቀችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፋ፣ ዱዌይን፣ ይሄ የግራ ጠርዝ ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል አለችኝ። ሄጄ አየሁት፤ እንደኔ እንደኔ ጠርዝ ጠርዝ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ነው የጻፈው አልኳት። እሱን አውቃለሁ አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ገጹን የሚያቀናብረውን ፕሮግራም ያልታየውን አሳየኝ ብላ አዘዘችው። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር። ባዶ ቦታ ሁሉ ምልክት ይውጣበት አለችው፤ በክፍተት ቁልፍ የተጻፈው ትንሽ ነጥብ፣ ብዙ ቦታ በአንዴ በሚያዘልለው በታብ ቁልፍ የተዘለለው ደግሞ ቀስት። ፕሪንተሩ ገጹን ሲተፋው አንስቼ ለሷ ልሰጣት ስል እጄ ላይ ቀረ። ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም ያልነው ቦታ ሁሉ ሞልቷል። የላይኞቹ መስመሮች ነጥብ ናቸው፣ መሐል ላይ ቀስት፣ ከዚያ እንደገና ነጥብ። ስንት ዘመን ሙሉ በጣቴ ያንኳኳሁት ባዶ እንዲህ ሁለት ዓይነት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነገሩ ይሄ ነው። በእንደዚህ ያለ ኮድ አንድ መስመር ከግራ ገባ ብሎ ከጀመረ፣ ከበላዩ ላለው መስመር ታዛዥ ነው ማለት ነው። ገባ ማለቱ ጌጥ አይደለም፣ ትርጉሙ ራሱ ነው። ኦሪን በጉብዝናው ዘመን ታብ ይመታ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ክፍተት መደርደር ለመደ፣ ሁለቱም አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ኖሩ። ታብ ስንት ክፍተት እንደሚዘል ግን ፋይሉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ማሽኑ ነው የሚወስነው። በኦሪን ማሽን ስምንት ይዘል ነበር። በኛ ቤት አራት ነው፣ ገጻችን ጠባብ ስለሆነ መስመር እንዳይወድቅብን። ይሄን ደንብ ያወጣችው ራሷ ቬርና ናት። ስክሪናችንም ወረቀታችንም ያንኑ ደንብ ስለሚከተሉ ሁለቱ ተስማምተው ዋሹን።

ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አደረገች። ኦሪን የጻፈው፣ ውሃው ከሞቀ የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ ገባ ብሎ ደግሞ የሐይቁን በር ክፈት ይላል። በኛ ገጽ ላይ የታችኛው መስመር ወደ ግራ ተስቦ ከላይኛው እኩል ቆሟል። ታዛዥነቱ ቀርቷል። በኛ ገጽ መሠረት ውሃው ሞቀም አልሞቀም በሩ ይከፈታል። የሐይቁ ውሃ ደግሞ እዚህ አገር በረዶ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ገና የተፈለፈለ ጫጩት ዓሣ ላይ ከለቀቅኸው ሁሉም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል።

እኛ ሁለት ጤነኞች፣ አንዳችን እያነበብን አንዳችን እያየን ያላገኘነውን፣ የልጁ ስም የጠፋው ሰው ከሶፋው ሳይነሳ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል አድርጎ አገኘው። የት ተቀምጦ ነው እንዲህ ያለው እውቀት? ሌላው ሁሉ ከቤት ሲወጣ እሱ የት ጥግ ይዞ ቀረ? አላውቅም። እግዜር ይወቀው። ቬርና መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለች። ቀጥላም፣ “ሰውየው ግን አለ፣ ዱዌይን። እዚያው አለ።”

ስልክ ደውዪላታ አልኩ። እንቢ አለች። በቃል ብነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች፣ ገጹ ራሱ መሄድ አለበት አለች። ዕለቱ ዓርብ ነው።

አራቱን ስምንት ስታደርገው ረጃጅሞቹ መስመሮች እንደተፈራው ከህዳጉ አልፈው ወደቁ። ፊደሉን አሳንሺዋ አልኳት። የሱ ዓይን በዚህ ዕድሜው ለጉንዳን ፊደል አይሆንም አለች። እሺ መስመሩን ስበሪውና ወደ ታች ይውረድ አልኳት። እሱንም እንቢ፤ እሱ የሚያውቀው ቅርጹን ነው፣ ቅርጹን አልነካበትም አለች። እና ምን ይሁን? ወረቀቱን አጋድመን እናትመው አለችኝ፣ መጽሐፉ በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ የሚከፈት ይሁን።

የሚያጋድመው እሷ አይደለችማ! ለዚያ መጽሐፍ ወረቀቱን ቆርጬ፣ ደርድሬ፣ አስሬ ጨርሻለሁ። ያ ሁሉ ገደል ገባ። የተናገርኩትን ቃል እዚህ አልደግመውም፤ ቬርና ግን በሙሉ ሰማችው፣ ሲያልቅልኝ ደግሞ ጨረስክ? አለችኝ። ጨረስኩ። ቢላዋውን ስዬ እንደ አዲስ ቆረጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ቆርጬ አላውቅም።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። እኔን የጠራኝ የለም፣ ራሴን ጋብዤ ነው። ግሌንዳ በሩን ከፍታ በቬርና ብብት ያለውን ገጽ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። የዱር ሩዝ ሾርባ ጥዳ ነበር መሰለኝ ማንኪያው እጇ ላይ ነው።

“ቬርና፣ እባክሽ” አለች። “ያን ቃል ደግሜ ከአፉ መስማት አልችልም።”

ቬርና ስለ ታብም ስለ ቀስትም አልነገረቻትም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እሱ ልክ ነበር አለቻት። ግሌንዳ ልክ ነበር? ብላ ጠየቀችና መልሱን ሳትጠብቅ ከበሩ ፈቀቅ አለች። ማመኗ አልነበረም፤ መከልከሉ ደክሟት ነው።

ኦሪን ሐይቁን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ሰላም ብንለው ሰላም አለን፤ ማን እንደሆንን ግን አልጠየቀም። ቬርና ምንም ሳትል ገጹን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። አላነበበውም። መዳፉን አሳርፎ የግራውን ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰው። ከዚያ አንድ ጣቱን አወጣና መስመሮቹን ተከተለ፤ ገባ ሲሉ ገባ፣ ወጣ ሲሉ ወጣ። ኦሪን ከኛ አንዱንም አላየም፣ ጣቱም ተሳስቶ አልቆመም። ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብዬም እንደዚያ ጸጥ ብዬ አላውቅም። በሩ ያለበት መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

“ሲሞቅ ብቻ” አለ። ድምፁ የሠራተኛ ድምፅ ነበር። “ሲሞቅ ብቻ ነው የሚከፈተው።”

ገጹን አነሳው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው።

“ይሄ የኔ ነው” አለ።

ግሌንዳ ማንኪያውን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። በደንብ አየኸው ወይ ብላ ሁለቴ ጠየቀችው። እሱ ገጹን ትቶ እሷን ረዘም አድርጎ አያት። እኔ ደግሞ አምላኬ፣ አሁን ማን ነሽ እንዳይላት ብዬ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

“አየሁት እንጂ” አለ። “ይሄም የኔ ነው፣ አንቺም የኔ ነሽ። ምን ያስለቅስሻል?”

ግሌንዳ እሳቱን አጠፋችና ወደ መተላለፊያው ወጣች። ስልክ ስትደውል ሰማናት። ቅዳሜ ነውና ያነሳላት ሰው አልነበረም፤ መልእክት ተዉ የሚለው ድምፅ እስኪጨርስ ጠበቀች።

“ግሌንዳ ቶለፍሰን ነኝ” አለች። “ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት። የኛ ሰውዬ ቤቱ ነው ያለው።”