የዝናሽ ጆሮ

የውብአለም እጅ ያልሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ደብረ ታቦር ላይ ጥቂት ነው። ከስፌቱ ሌላ አንድ ፍቅር አላት። በከዋክብት መካከል ስለምትጓዝ መርከብ የሚያወራ፣ እሷ ልጅ ሳለች የተጀመረ፣ እስከ ዛሬም ያላለቀ ተከታታይ ፊልም አለ፤ እሱን በፖድካስት ትተርካለች። ሐሙስ ሐሙስ ሱቋን ትዘጋና፣ ከጉና የሚወርደው ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ድምፁ እንዳይገባባት ጋቢ ተከናንባ፣ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ታወራለች።

አድማጮቿ ብዙ አይደሉም። ለእሷ ግን አንዷ ትበቃታለች፤ ከፊት ለፊቷ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ዝናሽ። ዝናሽ ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዓርብ ጠዋት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ያንን ትከሻ ካላየች ውብአለም ሥራ አይገፋላትም።

አንድ ሰኞ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሐሙስ ግን ገና ሩቅ ነው።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ውብአለም መንገዱን ተሻግራ።

«ምሕረትአብን አትሰሚውም እንዴ? የፊልሙ ወዳጆች በቴሌግራም ‹እነዚህን ፖድካስቶች ስሙ› ሲሉ ከላይ ያስቀመጡት እሱን እኮ ነው።»

«እኔንስ?»

«አለሽበት። ትንሽ ዝቅ ብሎ።»

ምሕረትአብ አንበሳሜ ከተማ የሚኖር ልጅ ነው፤ ከመጽሐፍ ቤት ትርጓሜ ሲማር የቆየ። ዝናሽ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አቀበለቻት። የልጁ ድምፅ ወፈር፣ ረጋ ያለ ነው። «ካፒቴኑ በሩን የዘጋው ፈርቶ ነው ያሉ አሉ። አንድም፣ ወዳጆቹ ሞቱን እንዳያዩ ብሎ ነው።»

የውብአለም ፊት ጋለ። ፈርቶ ነው ያለችው እሷ ናት፤ ባለፈው ሐሙስ። ሰው ሁሉ እየሰማ ቃሏን ጣለባት! ይባስ ብሎ የዝናሽ ትከሻ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ሐሙስ ሲደርስ ፊልሙን ረሳችው። «ቁራሽ ለምኖ ያደገ ሰው» አለች ጋቢው ውስጥ፣ «ዛሬ ደግሞ ከእኔ ለቅሞ መልሶ ይዘልፈኛል!»

ዓርብ ጠዋት ዝናሽ አልሳቀችም። ራሷ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ምነው እቴ! ልጁን ለምን ሰደብሽው?»

«ቃሌን ጣለብኛ!»

«የት ጣለብሽ? የመሪጌታ ልጅ አይደለሁ፤ እኔን ስሚኝ። አንድም ሲባል የፊተኛው አይወድቅም፣ ሁለተኛው ከጎኑ ይቆማል። የማይረባ ቢሆን መች ያነሳው ነበር?»

ውብአለም አንገቷን ደፋች። «ታዲያ ስሜን ቢጠራ ምን ነበረበት?» አለች ቀስ ብላ።

ሰኞ ዝናሽ ስልኳን ይዛ መጣች። «እትዬ ውብአለም ተቆጥተውኛል» ይላል ምሕረትአብ። «ፈርቶ ነው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን አለመጥራቴ ጥፋቴ ነው። እኔን ከመስማታችሁ በፊት እሳቸውን ስሙ።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አለች ውብአለም። አፈረችም፣ ደስም አላት። ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ግን፣ «አንቺስ ዝኑ፣ ማንን ነው የምታስቀድሚ?» አለች።

«የእሱ ሰኞ ይወጣል፣ ያንቺ ሐሙስ። ቀድሞ የመጣውን ነዋ!»

ውብአለም ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጋቢውን ተከናንባ ስልኳን ወደ አፏ አስጠጋች። ሰኞ ጠዋት፣ አንበሳሜ ገና ሳይነቃ፣ ስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጣ የዝናሽን ትከሻ ትጠብቅ ጀመር።