የአክስቴ የአባት ስም

ትናንት የሕዝብ ቆጠራው ወረቀት በፖስታ መጣ። እዚህ በስደት በምንኖርበት በፓርክዴል ሰፈር ዛፎቹ ገና ቅጠል ማውጣታቸው ነው። ልጄ ሣራ በስልኳ ልትሞላው ተቀመጠች፤ የእኔን ጻፈች፣ የራሷን ጻፈችና አቆመች።

«ወንድምሽስ?» አልኳት።

«ማም፣ ናቲ ሆስፒታል ከገባ ስምንት ወር ሆነው። ከስድስት ወር በላይ የቆየ እዚያ ነው የሚቆጠረው። የቆጠራው ሩል እንዲህ ነው።»

«በማን ስም?»

«በራሱ ነዋ! በማን ይሆናል?»

እሷ ምን ታውቃለች።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሊሞት ሲል «ጽጌን አምጪያት፣ በድያታለሁ» አለኝ። ጽጌ ታናሽ እህቱ ናት። ሥጋ ደዌ ሲይዛት እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ እሱ ራሱ በበቅሎ ወስዶ ከሕሙማኑ መኖሪያ አስገባት። ከዚያ ወዲያ ስሟ ቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ሄድኩ። ክረምት ነው፤ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሬ፣ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ። ሸንኮራ ትወድ ነበር ሲሉ ሰምቼ ሁለት አገዳ ይዤላታለሁ። ዛሬም ብሉር ጎዳና ላይ ሱቅ ውስጥ ሸንኮራ ሳይ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

የሕሙማኑ መኖሪያ ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው። ቆጠራ የመጣ ጊዜ የጻፉትን ዝርዝር ገለጡ።

«ጽጌ ማን?»

«ጽጌ ወልዴ።»

ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱ፣ ገጽ ገለበጡ፣ ደግመው አወረዱ። «ጽጌ የሚባሉ አምስት አሉ፣ ልጄ። የወልዴ ልጅ ግን የለችም።»

«አባቴ እኮ ነው ያመጣት!»

«ያኔ ለመዳር የደረሰች ልጅ ነበረችው?»

«ታላቅ እህቴ።»

«በይ እንግዲህ። አማቾች ዘር ሲቆጥሩ እንዳያገኟት በሌላ ሰው ስም አስጽፏታል። ስንቱ እንዲህ አድርጎ ሄደ! በማን ስም እንደሆነ አልነገረሽም?»

አልነገረኝም።

ከአምስቱ አራቱ ሞተዋል። በሕይወት ያለችውን ጠሩልኝ። «እኔስ ከወሎ ነኝ፣ የእናንተ አይደለሁም» አለችኝ። ማልቀሴን ስታይ «ሸንኮራውን ስጪኝ እንጂ፣ ለዛሬ አክስትሽ ልሁንልሽ» ብላ ሳቀች። ሰጠኋት። ከግቢው ኋላ የትኛው መቃብር የአክስቴ እንደሆነ ስላላወቅሁ አራቱንም አልቅሼ ተመለስኩ።

ትናንት ሣራን ለምኛት ሆስፒታሉን ኮል አደረገች። የናቲ ስም ከነአባቱ ስም ተጽፏል አሉ።

«አየሽ ማም? ሪላክስ።»

እውነቷን ነው፤ ወረቀቱ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ አእምሮውን ሲታመም፣ የሣራ እጮኛ ቤተሰቦች እንዳይሰሙ ብዬ፣ ለሰው ሁሉ «ካልጋሪ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አልኩ። ሣራንም ዝም አሰኘኋት። አባቴን ስንት ዓመት ስወቅስ ኖሬ! እኔ ነገ ብሞት እኮ፣ ወገን ልጄን የሚፈልገው ካልጋሪ ነው።

ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የምደውለው ለእጮኛዋ እናት ነው። የምላትን አውቃለሁ፤ «ናቲ ካልጋሪ አይደለም» ነው የምላት።