የደነዘዘው አውራ ጣት

በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ሐሞት ከረጢትን በትንንሽ ቀዳዳ ማውጣት ያስለመደችን ዶክተር ራሊትሳ ናት። በሽተኛው በማግሥቱ በእግሩ ይወጣል፤ ሳምንት ሳይሞላው ገበያ መሃል ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ለጎረቤት ያሳያል። እሷን ምን እንደሚያስከፍላት ግን የጠየቀ አልነበረም።

አጭር ሴት ናት። አልጋው እንደ ልብ ዝቅ ስለማይል በርጩማ ላይ ቆማ ትሠራለች። ረጃጅሞቹን መሣሪያዎች ይዛ፣ ክንዷ እንደተንጠለጠለ፣ አንገቷ ካሜራው የሆድ ዕቃውን ወደሚያሳይበት ስክሪን እንደተጠመዘዘ ሰዓታት ያልፋሉ። የመሣሪያው ቀለበት አውራ ጣቷን ይቆረጥማታል። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ወገብ ይዞራል፣ እጅ ይፍታታል፤ በቀዳዳ ሲሆን ግን ሰውነት እንደ ምሰሶ ተገትሮ ዓይንና ሐሳብ ብቻ ይሮጣሉ። አብሯት የነበረው ሐኪም ጀርመን ከሄደ ወዲህ ደግሞ የሚተካት የለም።

ጣቷ መደንዘዙን መጀመሪያ የነቃችባት ፔንካ ናት፤ ከጎኗ ቆማ መሣሪያ የምታቀብላት፣ ጸጉሯ ከእሷው ጋር የሸበተ ነርስ። አንድ ቀን ምሳ ላይ የራሊትሳ የእርጎ ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ።

«ሲያመልጥሽ አልተሰማሽም እኮ» አለቻት ፔንካ።

«ደክሞኝ ነው።»

«ውሸታም። ጠዋት መቀሱን ስትፈልጊ ነበር፤ እጅሽ ላይ እያለ።»

ራሊትሳ ሳቀች። በኋላ ግን ዋና ከተማው ሶፊያ ሄዳ ተመረመረች። የአንገትሽ ዲስክ ነርቩን ተጭኖታል፣ ማረፍ አለብሽ አሏት። ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ነገረችው።

«አንቺ ካረፍሽ ክፍሉን ልዝጋው?» አላት። «እስከ ፋሲካ ታገሺኝ፤ ሰው እየፈለግሁ ነው።»

ፋሲካም አለፈ፤ የመጣ ሰው የለም። ማስታገሻ እየዋጠች ቀጠለች። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ መኪናዋን አቁማ፣ መሪውን እንደጨበጠች፣ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ በሐሳቧ ስታወጣና ስታወርድ ትቆያለች። መውረዱ ያስፈራት ጀመር።

በዚህ መሃል የፔንካ የራሷ ሐሞት ታመመ።

«ሶፊያ ሂጂ» አለቻት ራሊትሳ።

«የትም አልሄድም። አንቺው ነሽ የምትሠሪኝ።»

«እጄን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ፔንካ።»

«ስለማውቀው ነው። ከማላውቀው ሰው እጅ ያንቺ ድንዙዝ ጣት ይሻለኛል።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ለእምቢታ የሚሆን ጉልበት ግን አልቀራትም።

ሐሞት ከረጢቱ ቆስሎ ከጉበቱ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ሥራው ረዘመ። መጀመሪያ ትከሻዋ ተቃጠለ፣ ቀጥሎ ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካሜራውን የያዘችው ነርስ ለሥራው አዲስ ስለነበረች ምስሉ ይዋዥቃል።

«ትንሽ አትቀመጪም?» አላት የማደንዘዣ ሐኪሙ ቦያን።

«ልጨርስ ነው።»

የቆረጠችው የከረጢቱን ቀጭን ቱቦ መስሏት ነበር። ሐሞቱ ሲፈስ ስክሪኑ ላይ አየች። ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚያወርደውን ዋናውን ቱቦ ነበር የቆረጠችው። ወዲያው የፔንካን ሆድ ከፍታ የቻለችውን አደረገች፤ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ሶፊያ ላከቻት።

ፔንካ እዚያ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተመለሰች፤ ከስታ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ትኩሳት እየተመላለሰባት። ራሊትሳ ሥራውን ተወች። ክፍሉ ተዘጋ። አሁን የከተማችን ሰው ሆዱን ይዞ ተራራ ተሻግሮ ይሄዳል። የራሊትሳ አንገት በቀዶ ሕክምና ቢስተካከልም ጣቷ አልዳነም።

በየቀኑ ፔንካ ዘንድ ሄዳ ሾርባ ትሠራላታለች። አንድ ቀን፣ «ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር» አለቻት።

«ስድቡስ ሞልቶኛል፤ ያጣሁት ጉልበቱን ነው» አለች ፔንካ። «ደግሞ ያስገደድኩሽ እኔ ነኝ።»

ኅዳር ላይ ትኩሳቱ በረታ። ራሊትሳ አምቡላንስ ጠርታ አብራት ተሳፈረች፤ መንገዱን ሁሉ እጇን ይዛ ከመሄድ በቀር ያደረገችላት ነገር አልነበረም። ፔንካ ከዚያ ጉዞ በሕይወት አልተመለሰችም።

በቀብሩ ዕለት የፔንካ እህት ራሊትሳን አቅፋ፣ «እስከ መጨረሻው ድረስ ስላንቺ ክፉ አላስወራችንም» አለቻት። ራሊትሳ ንፍሮው ሳይታደል ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በሯን ለማንም አትከፍትም።