በእግር የተመለሰ ትንፋሽ

ባለፈው ፍልሰታ ከልጄ ከሩት ጋር የታመመ ወዳጅ ልንጠይቅ መሃል ናይሮቢ ወደሚገኝ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሄድን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። እዚህ ከተማ ሊፍት ሲበላሽ ማንም አይገረምም፤ በሩ ላይ ካርቶን ይለጠፍበትና ሰው ሁሉ ደረጃውን ይያያዘዋል። እኛም ተያያዝነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ግን የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ፤ ትንፋሼ አልከተለኝ አለ። ሩት ቀድማኝ ነበርና ዞር ብላ፣ «ባባ፣ አር ዩ ኦኬ? ኡሜቾካ?» አለችኝ። ደክሞህ ነው ወይ ማለቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች እንግሊዝኛውና ስዋሂሊው ይቀድማታል፤ ጥርት ያለው አማርኛዋ የሚመጣው ስትቆጣ ብቻ ነው።

«ምንም አይደል፣ ጾሙ ነው» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ድንግጥ አልኩ። የእኔ ቃል አልነበረም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ከዚያ ሕንፃ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር፣ በዚሁ በፍልሰታ ጾም፣ እትዬ ዘነበች በየቀኑ ይሉኝ የነበረ ቃል ነው።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የሞባይል ካርድ በሳንቲም እየተፋቀ የሚሞላበት ዘመን ነው። ቀን እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት እሠራለሁ፣ አመሻሽ ላይ የሆቴል ሙያ ኮሌጅ እማራለሁ። እትዬ ዘነበች ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ መሃል ከተማ ያለችውን ምግብ ቤት ብቻቸውን ያስተዳድሩ የነበሩ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ጨዋታቸው ያስቃል፣ ቁጣቸው ያስሮጣል። እኔን በቀን አሥር ጊዜ ያባርሩኝና ምሳ ሰዓት ላይ «ያ ልጅ በላ?» ብለው ይጠይቃሉ።

የናይሮቢ ሚኒባስ ማታቱ ይባላል። ከማታቱ ሳይቆም መውረድ ያኔ ለጎረምሳ ወግ ነበር፤ በግራ እግር መሬት ይነካና ከመኪናው ጋር ሁለት ሦስት እርምጃ ይሮጣል። ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ ቀን እኔ በቀኝ እግሬ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩንና ከላዬ ጎንበስ ብለው «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» እያሉ የሚያዝኑልኝን ፊቶች ነው። የኋላ ጭንቅላቴ የመንገዱን ጠርዝ መትቶ ኖሯል። ሐኪሙ አንጎልህ ተናውጧል፣ እረፍት ያስፈልግሃል ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ።

ራስ ምታቱ በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀኝ። የትንፋሹ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አየሩ እስከ ጉሮሮዬ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ አልወርድም ይላል። በር ሲዘጋ ይብሳል፣ ሰው ሲበዛ ይብሳል፣ ማታቱ ውስጥ ሲሆንማ የምሞት ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ለመሳፈር ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ሩቅ ሳልሄድ ወርጄ አስፋልት ዳር ቁጭ ብያለሁ። ሐኪሙ ሳንባዬንም ልቤንም መርምሮ ጤነኛ ነህ አለኝ። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ይመጣል፣ ፍርሃት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ቀስ እያልክ ተራመድ፣ ቀስ እያልክ ተንፍስ፣ መስኮትህን ክፈት አለኝ።

መስኮትህን ክፈት! የሐበሻን ጠያቂ የማያውቅ ሐኪም ነው። ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የተከራየናት ክፍል ከጠዋት ጀምሮ በጠያቂ ትሞላለች። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ የማንጎ ጭማቂ ይዘው ይመጣሉ። ገና ሲገቡ ግን መጀመሪያ የሚያደርጉት መስኮቱን መዝጋት ነው። «የተመታ ጭንቅላት ንፋስ ከገባው አለቀለት» ይላሉ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ሻንጣ ላይ፣ የተገለበጠ የሶዳ ሳጥን ላይ ይደረደሩና ጭንቅላቱን ተመትቶ ስለሞተ ሰው ያጫውቱኛል። ሁሉም አንድ አንድ ሰው ያውቃል። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ላብ እያጠመቀኝ፣ ሲነሱ «ኧረ ተጫወቱ፣ ገና ነው» እላለሁ። ሥራውን ትቶ ሊጠይቀኝ የመጣን ሰው ውጣልኝ እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ሊገድለኝ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ግርማ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ልጅ መላኩ፣ መክረናል። አገርህ ግባ። እናትህ ዘንድ ሆነህ ጠበል ትጠመቃለህ። ለሞያሌው አውቶቡስ እኛ አለንልህ» አሉኝ።

ደግ ሰዎች ናቸው። ግን እኔ እናቴን ደሴ ላይ ስሰናበታት የተማረ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ብያት ነበር፤ ኮሌጁም አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶኛል። እንዲህ ተብረክርኬ ከአውቶቡስ ስወርድ ስታየኝ ታየኝ። እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም።

ለካ እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «የአሥር ደቂቃ ማታቱ ያልቻለ ልጅ ነው ሞያሌ ድረስ የምትጭኑት? መንገድ ላይ ልትቀብሩት ነው?» አሉና በሰዎቹ መሃል አልፈው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ፍልሰታ እስኪፈታ ለእኔ ስጡኝ። ያን ጊዜ ማታቱ መሳፈር ካቃተው እኔው ራሴ ስንቁን ቋጥሬ እሸኘዋለሁ።»

አቶ ግርማ ትንሽ አሰቡና፣ «ይሁን። ጾሙ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ ግን ይሄዳል» አሉ።

ጾሙ በገባ ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ደርበው፣ በሸራ ጫማ በራችን ላይ ቆመዋል። ቤታቸው ከእኛ ብዙም አይርቅም። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የምንገባው በእግራችን ነው» አሉኝ። ነሐሴ ናይሮቢ ውስጥ ዝናብ የለበትም፤ ብርድ ነው። ሰማዩ እስከ ቀትር ድረስ ግራጫ ሆኖ ይቆይና ፀሐይ እንደ እንግዳ ዘግይታ ብቅ ትላለች። መንገዳችን ላይ ባለው መናፈሻ አጥር ላይ ጦጣዎች ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይታዘባሉ። ችግኝ ሻጮች በጥቁር ላስቲክ የተተከለ ችግኛቸውን ውኃ ሲያጠጡ የእርጥብ አፈር ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ወረድ ሲሉ በቆሎ በከሰል የምትጠብስ ሴት አለች፤ ሎሚ በበርበሬ ነክራ ትቀባዋለች። እትዬ ዘነበች አንዱን ገዝተው ለእኔ ይሰጡኛል። እርሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ የሚያስተምሩኝ ነገር ነበራቸው። «እግዚኦ ስንል በጣታችን አንጓ አይደል የምንቆጥረው? ትንፋሽህንም እንዲያ ቁጠረው። ባንድ አንጓ አንድ ትንፋሽ። አሥራ ሁለት ሲሞላ እንደገና ጀምር። ማን ያስቸኩልሃል?» አውራ ጣቴን በአንጓዎቼ ላይ እያስኬድኩ ከጎናቸው እራመዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እስከ ችግኝ ሻጮቹ እንኳ መድረስ ያቅተኝ ነበር።

ወንዙን ተሻግሮ ከተማ መግቢያው ዳገት ሥር አጠር ያለ የድንጋይ ግንብ አለ። እትዬ ዘነበች ሁልጊዜ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። «ቆይ እስቲ ትንሽ ልረፍ፤ ጾሙ ነው» ይሉና ይቀመጣሉ። አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ አንዱን ደረታቸው ላይ አድርገው ያርፋሉ። እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ። ቆሜ መጠበቄ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። «እትዬ፣ ታማሚው ማን ነው?» እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ይቋረጣል።

አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ለእኛ ሰው ጾሙ ነው ከተባለ አለቀ፤ የገረጣውም፣ የተቆጣውም፣ የተኛውም በጾሙ ይሳበባል። ደግሞ ሐሳቤ ሁሉ የራሴ ትንፋሽ ላይ ነበር። በአምስተኛው ቀን አየሩ ደረቴ ድረስ ሲወርድ ተሰማኝ። በአሥረኛው ቀን ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁት። ማታቱ ግን እምቢ አለኝ። ከሥራ ስንመለስ በየቀኑ አንድ እግሬን አስገብቼ አወጣለሁ፣ ኮንዳክተሩ የመኪናውን ጎን እየደበደበ ይሰድበኛል፣ እትዬ ዘነበች «ነገ» ይላሉ፣ ተመልሰን በእግራችን እናዘግማለን።

ጾሙ ተፈታ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ዶሮው ቀረበ፣ ጥብሱ ጢስ ጢስ እያለ ወጣ። እትዬ ዘነበች በሉ፣ ጠጡ፣ ሁሉንም አጎረሱ። አቶ ግርማ ጎርሰው ሲያበቁ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ማታቱ ተሳፈርክ?» አሉኝ። ገና ነኝ አልኳቸው። «እንግዲህ እሑድ ነው» አሉ፣ በኀዘን።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳችን ወጣን። ግንቡ ጋ ስንደርስ እትዬ ዘነበች ቆሙ። «ቆይ እስቲ፣ ጾሙ...» አሉ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ጾሙ እኮ ትናንት ተፈቷል።»

ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ ያየኋቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቁርጭምጭሚታቸው ከሸራ ጫማው በላይ አብጦ ወጥቷል። አየር የሚስቡት እኔ በዚያች በታፈነች ክፍል ውስጥ እስብ እንደነበረው፣ በአፋቸው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት ሆነው። ልብሽ ደክሟል አሉኝ። መንገድ አታብዢ ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ» አሉ፣ በየቃሉ መሃል እያረፉ፣ «አብረኸኝ ትራመድ ነበር?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ተናድጄም፣ ሰው ወድጄም አላውቅም። ምን እንደማደርግ ሳላስብ አስፋልቱ መሃል ገብቼ እጄን ዘረጋሁ። ወደ ፓርክላንድስ የሚመለስ ማታቱ ቆመ። ሐኪም ቤት አልኩት። ኮንዳክተሩ ወርዶ «ማማ፣ ኢንጊያ፣ ፖሌ ፖሌ»፣ ይግቡ፣ ቀስ ብለው፣ እያለ በአንድ ክንዳቸው ያዘልኝና ቀስ አድርገን አስገባናቸው። እኔም ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ሰው ተጠቅጥቋል። ያ የማውቀው ነገር መጥቶ ጉሮሮዬን ያዘኝ። የእትዬ ዘነበችን እጅ አነሣሁና በእርሳቸው አንጓ ላይ መቁጠር ጀመርኩ። «አንድ። ይተንፍሱ። ሁለት። ማን ያስቸኩልዎታል?» እርሳቸው እንዲከተሉኝ እኔ ቀድሜ መተንፈስ ነበረብኝ። ስንት አሥራ ሁለት እንደቆጠርኩ አላውቅም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንወርድ እንኳ ማታቱ ተሳፍሬ እንደመጣሁ አላሰብኩትም።

እትዬ ዘነበች አስታወሱኝ። ከሰዓት በኋላ፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቶ፣ «ማታቱ ውስጥ አስገባሁህ አይደል?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሑድ የሞያሌው አውቶቡስ ያለ እኔ ሄደ። ኮሌጁን ጨረስኩ፤ እናቴም የተመረቅኩበትን ፎቶ ደሴ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እትዬ ዘነበች በመድኃኒት ሰባት ዓመት ኖሩ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ፣ ሁልጊዜ በማታቱ፣ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ። ሐኪማቸው ያ የአሥራ አምስት ቀን መንገድ አድክሟቸዋል ብሎኛል፤ ስንት ዕድሜ እንደወሰደባቸው ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ እግራቸውን ባይ ኖሮ! ምስጋናዬና ቁጭቴ እስከ ዛሬ አልተለያዩልኝም። አንዳንዴ ደግሞ እቆጣቸዋለሁ። ሰው ለሚወደው ሰው ሲል ሕመሙን ሲደብቅ፣ የተወደደው ሰው ቀሪ ዕድሜውን ሁሉ ያንን ግንብ ይዞ እንደሚዞር አላሰቡበትም።

እንግዲህ ደረጃው ላይ ብረቱን ይዤ ይህን ሁሉ ሳስብ ሩት ሁለት ደረጃ ወርዳ ፊት ለፊቴ ቆመች። ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ናቸው።

«ጠዋት ዳቦ በአቮካዶ አብረን በልተናል እኮ» አለች። በጥርት ያለ አማርኛ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ዘረጋሁላትና አውራ ጣቷን የመጀመሪያው አንጓዬ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጾሙ አይደለም» አልኳት። «ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሁለት ወር ሆኖኛል።»